ዝም ያለው ልጃችን ሲናገር አልሰማነውም ነበር

ለአላህ (ሱ.ወ.) ምስጋና ይድረሰውና አራት ልጆች ሰጥቶናል። የሦስቱን ጫጫታ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። የአራተኛውን ድምፅ ግን እኛ ወላጆቹ እንኳ ለመለየት ዓመታት ፈጅቶብናል። ይህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ነው።

ውድ አንባቢያን! ብዕር ያነሳነው የቤታችንን ገመና አደባባይ ለማውጣት አይደለም። በየሰፈሩ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ «ልጄ ለምን አይናገርም?» እያሉ በድብቅ የሚያለቅሱ እናቶችና አባቶች እንዳሉ ስለምናውቅ ነው። እኛ ዘግይተን የተረዳነውን እነርሱ ቀድመው ቢረዱት፣ አንድ ልጅ እንኳ ከተዘጋበት በር ይወጣል የሚል ተስፋ አለን፤ ኢንሻአላህ።

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው»

ልጃችን ሲወለድ ጤነኛ ነበር። ጡት ጠባ፣ ዳኸ፣ በጊዜው ቆመ። አንድ ዓመት ሲሞላው ግን በስሙ ስንጠራው ዞር አይልም። የበሩን መጋረጃ ጫፍ ይዞ እያወዛወዘ ግማሽ ቀን ይውላል። ታላላቆቹ በዚያ ዕድሜያቸው አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጣታቸውን ቀስረው እኛን ያዩ ነበር፤ «አያችሁልኝ?» እንደማለት። እርሱ አንድም ቀን ጣቱን ቀስሮ ያሳየን ነገር አልነበረም። ሁለት ሦስት ቃላት ጀምሮ የነበረ ቢሆንም ሁለት ዓመት ሳይሞላው እነርሱም ጠፉ።

ቤተ ዘመዱ አጽናናን። አያቱ «አባቱም ቢሆን በሦስት ዓመቱ ነው የተናገረው» አሉ። ያሳየነው ሐኪምም «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ ታገሱ» ብሎ አሰናበተን። እኛም ታገስን። ሶብር የአማኝ ጌጥ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ሳያጣሩ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሶብር አለመሆኑን የተማርነው ሁለት ዓመት ካለፈን በኋላ ነው።

ዛሬ ለጠየቀን ወላጅ ሁሉ የምንናገረው ይህን ነው። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ በስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ አንድ ዓመት ተኩል ሞልቶት በጣቱ ጠቁሞ ነገር የማያሳይ ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አያይዞ የማይናገር ከሆነ፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ የጀመረው ቃል ከጠፋበት፣ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ባለሙያ መውሰድ ይገባል። ከሁሉ አስቀድሞም ጆሮው ይመርመር፤ የመስማት ችግር ያለበት ልጅም ስሙ ሲጠራ አይዞርምና። የእኛ ልጅ ጆሮ ደህና መሆኑ ተረጋገጠ። ከብዙ መጉላላት በኋላም «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማን።

ጥፋቱ የማን ነው?

ቃሉን ከመስማታችን በፊት ያልሰማነው ምክንያት አልነበረም። «ዐይን ነክቶት ነው» የሚል መጣ፤ «ጂን ነው» የሚል መጣ፤ «እናቱ እርጉዝ ሳለች ደንግጣ ነው» የሚልም አልጠፋ። በቁርኣን ማስቀራቱንና ዱዓእ ማድረጉን ያን ጊዜም ዛሬም አልተውነውም። የምንጸጸተው በሌላው ነው። ገንዘብ ተቀብሎ «አስለቅቀዋለሁ» ያለን አንድ ሰው ልጁን በጭስ ሲያፍነው ቆመን አይተናል። ልጁ ያለቀሰው ልቅሶ ዛሬም ከጆሯችን አልወጣም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን ያዘዙ ሲሆን፣ ሕፃንን ማሠቃየት ሕክምናም ሩቅያም ሊሆን አይችልም።

ለመሆኑ ኦቲዝም ምንድን ነው? ገና ከጅምሩ የአንጎል እድገት ከሌላው ለየት ባለ መንገድ ሲሄድ የሚከሰት ሁኔታ ነው። ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበትን፣ ድምፅንና ብርሃንን የሚቀበልበትን፣ የሚጫወትበትንም መንገድ ይለውጠዋል። እንደ ጉንፋን አይተላለፍም። በአንድ ክኒንም አይጠፋም። በዘር የሚወረሱ ብዙ ነገሮች ከፍተኛ ድርሻ እንዳላቸው ታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ስለዚህ በአንድ ትልቅ መስጂድ ጁሙዓ ከሚሰግደው ሕዝብ ውስጥ ይህ ጉዳይ ቤቱ የገባ ሰው አይታጣም።

እናትን መወንጀል ደግሞ የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. የ11 ልጆችን ሁኔታ ዘርዝሮ ከጻፈ በኋላ፣ በምዕራቡ ዓለም የነበሩ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት «የእናት ፍቅር ቢቀዘቅዝ ነው» እያሉ እናቶችን ሲከሱ ኖረዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. ይህን ክስ በመጽሐፍ የተቃወመው በርናርድ ሪምላንድ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ኩፍኝ ከሚከላከል ክትባት ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አውጥቶ ብዙ ወላጆችን አስደነገጠ። መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 እ.ኤ.አ. ሰረዘው። በየአገሩ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶችም ክትባት ኦቲዝምን እንደማያመጣ አሳይተዋል። እንግዲህ «ማን አጠፋ?» በሚል ጥያቄ የሚባክነው ጊዜ ከልጁ የሚሰረቅ ጊዜ ነው። በእኛ ቤት ይህ ጥያቄ ሁለታችንን ለወራት አኳርፎን ነበር።

የኢድ ቀን የተዘጋው በር

ከዚህ ሁሉ የከፋውን እንናገር። አንድ የዒድ አል-ፊጥር ቀን ቤታችን በእንግዳ ተሞላ። ልጃችን ያን ጊዜ አራት ዓመቱ ነበር። ጫጫታው ሲበረታ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ይጮሃል፤ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አየን። አንዳችን እጁን ይዘን ወደ ጓዳ አስገባነው፤ አንዳችን በሩን ዘጋን። ታላቅ እህቱ አብራው ልትገባ ስትል «ተይው» አልናት።

ለእንግዳ ቡና እየቀዳን፣ «ትንሹስ የት አለ?» ለሚለን ሁሉ «ተኝቷል» እያልን መለስን። በኢድ ቀን፣ በደስታ ቀን፣ በልጃችን ላይ ዋሸን። ማታ በሩን ስንከፍተው በሩ ሥር ተኮራምቶ እንቅልፍ ወስዶታል። በመዳፉ በሩን ደጋግሞ መትቶ ኖሮ እጁ ቀልቷል። እርሱን የደበቅነው ለእርሱ አስበን አልነበረም፤ ሰው ምን ይለናል ብለን ነው። አላህ ይቅር ይበለን።

«አሁን ምን አለ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙም ሳይቆይ ንግግር ላይ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ዘንድ ሄድን። ገና ከመቀመጣችን «ልጃችን ምንም አይናገርም» አልናት። እርስዋ መልስ ሳትሰጥ ልጁን ትመለከት ጀመር። በዚህ መሐል ልጃችን የእናቱን እጅ ጎትቶ ብስኩት ያለበት ቦርሳ ላይ አስቀመጠው። ባለሙያዋ «አሁን ምን አለ?» ብላ ጠየቀችን።

«ብስኩት ስጪኝ አለ» ብለን ሁለታችንም በአንድ አፍ መለስን። መልሰንም ዝም አልን። «አይናገርም» ያልነውን ልጅ ንግግር የተረጐምነው ራሳችን ነበርን።

ያን ማታ ቁርኣን ስንቀራ ስንቴ ያለፍንባቸው ታሪኮች በሌላ ዓይን ታዩን። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ምልክት በጠየቁ ጊዜ ምልክታቸው ለሦስት ቀናት ከሰው ጋር በጥቅሻ እንጂ በንግግር አለመግባባት ነበር፤ ይሁን እንጂ መልእክታቸው ለሕዝባቸው ደርሷል። መርየም (ዐ.ሰ.) የዝምታ ስለት ተስላ ሳለ ወገኖቿ ሲጠይቋት ወደ ሕፃኑ አመለከተች፤ ያ ምልክቷ መልስ ሆነ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታ አላህን ለምነዋል፤ ከዚሁ ጋር በንግግር የተሻለ ወንድማቸው ሃሩን (ዐ.ሰ.) እንዲታከልላቸው ጠይቀዋል። ዱዓእ አደረጉ፤ አጋዥም ፈለጉ። እኛ ግን ቋጠሮው እንዲፈታ ብቻ ስንጠብቅ፣ ለልጃችን ሃሩን ሊሆነው የሚችል አጋዥ መፈለግን ረስተን ነበር።

በቤታችን የሠራነው

ከባለሙያዋ የተማርነውና በቤታችን የሞከርነው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው ጊዜና ጽናት ነው።

አንደኛ፣ ወደ እርሱ ወረድን። ቀድሞ መጋረጃውን ሲያወዛውዝ እጁን እናስለቅቀው ነበር። አሁን ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለን ሌላኛውን ጫፍ እኛ ማወዛወዝ ጀመርን። በአራተኛው ቀን እጁን አቁሞ ፊታችንን አየ። እኛ ስናቆም እጃችንን ገፋ አደረገ፤ «ቀጥሉ» አለን። ከልጃችን ጋር የተነጋገርነው የመጀመሪያው ወግ ይኸው ነበር።

ሁለተኛ፣ ንግግራችንን አሳጠርን፣ መጠበቅንም ተማርን። «ና እስቲ ልጄ፣ ጫማህን አድርግና እንሂድ፣ መሽቷል» ማለት ቀርቶ ጫማውን አሳይተን «ጫማ» እንላለን። ከዚያ በልባችን እስከ አሥር እንቆጥራለን። ቶሎ ደጋግሞ መናገር የልጁን ተራ መንጠቅ ነው። አሥር መቁጠር ቀላል ይመስላል እንጂ ለእኛ ከሁሉ የከበደን እርሱ ነበር።

ሦስተኛ፣ የመጠየቂያ ምክንያት ተውንለት። ቀድሞ ሳይጠይቅ ሁሉን እናቀርብለት ነበርና ለመጠየቅ ምንም ምክንያት አልነበረውም። ብስኩቱን በሚያሳይ ዕቃ ከድነን አጠገቡ አስቀመጥን። ዕቃውን አንሥቶ ሲሰጠን ወዲያውኑ «ክፈት» ብለን እንከፍትለታለን። ልብ በሉ፤ ዓላማው ማስራብ ወይም ማስለቀስ አይደለም። ጠይቆ እንዳገኘ እንዲያውቅ ነው።

አራተኛ፣ ሥዕል ተጠቀምን። የውሃ፣ የእንጀራ፣ የሽንት ቤት፣ የአያት ቤት ፎቶግራፍ በስልክ አንሥተን አሳተምን፤ በፕላስቲክ አስለብጠን በር አጠገብ ሰቀልን። ልጁ የሚፈልገውን ነቅሎ ይሰጠናል። በሥዕል እየተለዋወጡ መግባባትን በሥርዓት የማስተማሩ ዘዴ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። «ሥዕል ከለመደ ጨርሶ አይናገርም» ብለው ያስፈራሩን ነበሩ። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ሥዕልና ምልክት ንግግርን እንደማያግዱ ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ ልጆች ቃል የሚጀምሩት በዚያ መንገድ ነው። ጨርሶ ቃል ለማያወጣው ልጅ ደግሞ ሥዕሉ ራሱ ምላሱ ነው።

አምስተኛ፣ ማስተጋባቱን ማዳመጥ ያዝን። ልጃችን በስድስት ዓመቱ የተናገረው የመጀመሪያ ሙሉ አነጋገር «ውሃ ትፈልጋለህ» የሚል ነበር። እኛ የምንጠይቀውን እንደ ገደል ማሚቶ መለሰልን ብለን አዘንን። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ውሃ በሚመጣበት ጊዜ የሚሰማው ቃል ይህ ስለሆነ፣ ውሃ ሲፈልግ የሚለውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ መጠየቁን ትተን በእርሱ ቦታ ሆነን «ውሃ እፈልጋለሁ» እያልን ኩባያውን መስጠት ጀመርን። ስምንት ወር ፈጀ፤ አልሐምዱ ሊላህ፣ አንድ ቀን «እፈልጋለሁ» አለ።

ስድስተኛ፣ የቤታችንን ቋንቋ አልተውንም። ቤታችን ስልጥኛም አማርኛም ይነገርበታል። «ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋል፣ አንዱን ተዉ» ተብለን ነበር። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንደማይጎዳው ጥናቶች ያመለክታሉ። አያቱ በስልጥኛ እንጂ በሌላ አያቅፉትም፤ ቋንቋውን ብንነጥቀው አያቱን በነጠቅነው ነበር።

ሰባተኛ፣ ቁጣውንም ንግግር ነው ብለን ተቀበልን። አንድ ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ ጆሮውን በጡጫ ሲመታ «ተው!» እያልን ተቆጣነው። በአራተኛው ቀን ሐኪም ሲያየው ጆሮው ቆስሏል። ልጁ የሚነግረንን ነግሮናል፤ ያልሰማነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ሲጮህ ከመቆጣታችን በፊት «አሞት ይሆን? ጫጫታ በዝቶበት ይሆን? የለመደው ነገር ተለውጦበት ይሆን?» ብለን እንመረምራለን።

ውዱእና መስጂድ

የሙስሊም ልጅ ነውና ኢባዳንም ልናስተምረው ፈለግን። ውዱእ ለእርሱ በጣም ምቹ ሆኖ አገኘነው፤ ምክንያቱም ተራው አይለወጥም። ከእጅ እስከ እግር ያለውን እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶግራፍ አንሥተን ከቧንቧው በላይ በተርታ ለጠፍን። ቀዝቃዛ ውሃ ፊቱን ሲነካው ይጮህ ስለነበር በጆግ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጀንለት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሥዕሎቹን ሳያይ ውዱእ ማድረግ ቻለ። በየትኛው ዕድሜ ምን ግዴታ ይኖርበታል የሚለውን ዓሊሞችን ጠይቀናል፤ እነርሱም ሸሪዓ ማንንም ከአቅሙ በላይ እንደማያስገድድ አስረዱን። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ልጅ ሁኔታ ይዞ እንዲጠይቅ እንመክራለን።

መስጂድ መግባቱ ግን አስቸጋሪ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ድምፅ ማጉያው ሲጮህ እርሱም ጮኸ፤ አንድ ሰውም ተቆጥቶ «ይህን ልጅ አውጡ» አለን። ወደ ቤት ተመልሰን ደግመን ላለመምጣት ቆረጥን። ይህን የሰሙት የሰፈራችን ኢማም ግን ቤታችን ድረስ መጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ሶላታቸውን ያሳጥሩ እንደነበርና የልጃቸውን ልጅ ኡማማን በትከሻቸው ተሸክመው እንደሰገዱ አስታወሱን። በተከታዩ ጁሙዓም ስለ ሱረቱ ዐበሰ ኹጥባ አደረጉ። ዐይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም ሊማር ሲመጣ ፊት ስለተነሣው የአላህ ወቀሳ መውረዱን፤ ይኸው ሰው በኋላ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን እንደሆነና እርሳቸው ለጉዞ ሲወጡ መዲናን በአደራ እንደተቀበለ አስተማሩ። የልጃችንን ስም አልጠሩም። ሆኖም ከዚያ በኋላ ሰው በሌለበት ሰዓት እየወሰድን፣ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ እያልን አለማመድነው። ዛሬ የኋለኛው ጥግ ላይ፣ ጆሮው ላይ የድምፅ መከላከያ አድርጎ፣ ከአባቱ ጋር ይሰግዳል።

እናንተስ?

ወላጆች ሆይ! ሸክሙን በእናት ትከሻ ላይ ብቻ አትጫኑት። በእኛ ቤት ለውጥ የመጣው አባት ሱቁን አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ዘግቶ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ሲጀምር ነው። ወንድሞቹንና እህቶቹንም አትርሷቸው፤ ለእነርሱም ብቻቸውን የሚሆን ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

ብቻችሁን እንደሆናችሁም አታስቡ። በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገር ሲያሳፍር በነበረበት ጊዜ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተባሉ እናት ለእነዚህ ልጆች የሚሆን የጆይ ማዕከልን በአዲስ አበባ መሥርተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ወላጆች በቤታቸው የልጆቻቸውን መግባባት እንዲያግዙ ያዘጋጀው ሥልጠናም በአዲስ አበባና በቡታጅራ አካባቢ ተሞክሯል። ያደረግነው ሁሉ የዚህ ዓይነት ነው፤ ምንጣፍ፣ ሥዕል፣ ትዕግሥት። የማንም ቤት ከዚህ አይደኸይም።

ልጃችን ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሚናገራቸው ቃላት ከአርባ አይበልጡም። ድኗል ብለን አንዋሽም፤ የነገውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ባለፈው ኢድ ግን በሩ ክፍት ነበር። ጓዳ ውስጥ ጸጥ ያለ ቦታ አዘጋጅተንለት ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ ይወጣል። አጎቱ እንደ ልማዱ አቅፎ ሊስመው ሲል ልጃችን ከኪሱ አንዲት ካርድ አውጥቶ ሰጠው። ካርዷ «አልፈልግም» የምትል ነበረች። አጎቱ አነበባት፤ ሳቀ፤ ወደኋላ ብሎም እጁን ዘረጋለት። ልጃችን ጥቂት አሰበና የአጎቱን መዳፍ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገ።

ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር፤ የተናገረውን ያልሰማ ግን አልነበረም።

አላህ (ሱ.ወ.) ለልጆቻችን ቋጠሯቸውን ይፍታላቸው፤ ለእኛም የምንሰማበትን ጆሮ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።